ወደ ማዶ

ራስ ደጀን ስንት ሜትር ነው ቢባል መልሱ እንደ መላሹ ዕድሜ ይለያያል። በድሮው የጂኦግራፊ መጽሐፍ የተማረ 4,620 ይላል፤ ከኋላ የመጣው 4,550 ወይም እዚያው ገደማ ይላል። ተራራው ከተቀመጠበት ንቅንቅ ሳይል 70 ሜትር አጠረ ማለት ነው። በስሙም እንዲሁ ስምምነት የለም። ባንኩና ቢራው «ዳሸን» ብለውታል፤ ብዙው ካርታም ይህንኑ ይጽፋል። ከሥሩ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን «ደጀን» ነው የሚለው። ደጀን ማለት ከኋላ ሆኖ የሚያጸና፣ መከታ ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

እኛ ይህን የምንጽፈው በሜትሩም በስሙም ለመከራከር አይደለም። በጥር 2015 ዓ.ም. ከማራኪ ግቢ ተነሥተን እስከ ራስ ደጀን ጫፍ የደረስንበትን መንገድ ለእናንተ ለጓደኞቻችን ልናወራ ነው። ብዙዎቻችሁ «እነ እገሌ ሰሜን ተራራ ሽርሽር ሄደው ነበር» ሲባል ሰምታችኋል። ሽርሽር አልነበረም።

ያን ጊዜ ሁለተኛ ዓመት ነበርን። አምስት ነን፤ ሁለት የሥነ ጽሑፍ፣ አንድ የታሪክ፣ አንዲት የሥነ ልቦና ተማሪና «ማዶ»። ማዶ ወላጆቹ ያወጡለት ስም አይደለም። ግቢ በገባን ሰሞን ሀገሩን ስንጠይቀው «ከመሸሃ ማዶ ነኝ» አለን። መሸሃ ወንዝ ይሁን ገበያ፣ ማዶውስ በየት በኩል እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ማስረዳቱ ሲሰለቸው «እንግዲያው በቃ ማዶ በሉኝ» አለ፤ እዚያው ላይ ጸና። ላይብረሪ ጋቢ ለብሶ የሚመጣ፣ ከቤቱ የተላከለትን የገብስ ቆሎ በፌስታል ይዞ ለጠረጴዛው ሁሉ የሚያድል፣ ለፈተና ሁላችንም ስንራወጥ ዝም ብሎ የሚያነብ ልጅ ነበር።

አባቱ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር በገባ ጊዜ መሣሪያውን አንሥቶ ከወጣው ገበሬ ጋር ወጥቶ አልተመለሰም። የዚያን ክረምት ነገር ለጎንደር ሰው ማብራራት አያሻም። በነሐሴ መጨረሻ በዳባት ወረዳ በጭና ተክለ ሃይማኖት ስንት ቤተሰብ ሐዘን እንደገባው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማዶ ስለ አባቱ ሲጠየቅ «ተማርኮ ይሆናል» ይል ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነቱ ሲፈረም በዶርማችን ከማንም በላይ የተደሰተው እሱ ነው። እስረኛ ይፈታል፣ የጠፋም ይገኛል ብሎ ቀን መቁጠር ጀመረ።

ከጥምቀት በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ማታ ስልክ ተደወለ። የተደወለው ለማዶ ሳይሆን ከእኛ ለአንዱ ነበር። ደዋዩ አጎቱ ናቸው። ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ወጥተው ስለነበር ነፋሱ ድምፃቸውን ይቆራርጠዋል። «ልጆቼ» አሉ፣ «ወንድማችሁን ይዛችሁልኝ ኑ። እናትህን ትንሽ አሟታል በሉት። ሌላ ቃል እንዳይወጣችሁ።» ቀጥለውም በወንድማቸው አጠገብ የነበረ ሰው ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመልሶ ወሬውን ይዞ መምጣቱን በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገሩንና መስመሩ ተቋረጠ።

በዚያች ሌሊት ከግቢው ዛፎች ሥር ተቀምጠን ብዙ ተከራከርን። የሥነ ልቦና ተማሪዋ «ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ነው። የገዛ አባቱን ነገር እኛ አውቀን እሱ ሳያውቅ አብሮን ምሳ ይብላ? ዛሬውኑ ይነገረው» አለች። ቀላል ክርክር አልነበረም። በክፍል ውስጥ የምንማረው ሁሉ ከእሷ ጋር ይቆማል፤ ሰው ስለራሱ የማወቅ መብት አለው፣ ፍቅር ነው ተብሎ ውሸት አይነገርም። የታሪክ ተማሪው ደግሞ «መርዶ ዶርም ውስጥ ይነገራል እንዴ?» አለ። «ነግረነው ከዚያስ? አልጋው ላይ ተኝቶ ጣሪያ ይይ?»

መርዶ በሀገራችን ሥርዓት አለው። ዘመድ አስቀድሞ ተጠራርቶ ይሰበሰባል። ሐዘንተኛው ሳያውቅ ያድራል። ጎህ ሲቀድ፣ ወገቡን የሚይዝለት ሰው በግራ በቀኙ ከቆመ በኋላ ይነገረዋል። ሽማግሌዎቹ ይህን ያወጡት ሰው መናቅ ፈልገው እንዳልሆነ ያን ሌሊት ገባን። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው ይወድቃል፤ ስለዚህ የሚይዘው በሌለበት አይነገረውም። በስልክ የተረዳ ሰው የሚወድቀው በባዶ መሬት ላይ ነው። ልጅቷ ብዙ ዝም ብላ ቆይታ «እሺ፤ ግን ብቻውን አንሰደውም» አለች። አራታችንም ለመሄድ የወሰንነው በዚህ ነው።

የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ነበር። ለማዶ «እናትህን ትንሽ አሟቸዋል አሉ፤ ከጥምቀት በኋላ አብረንህ ሄደን እንጠይቃቸው፣ በዚያው ራስ ደጀንንም ታሳየናለህ» አልነው። ዓይናችንን አየት አድርጎ «ጥሩ» አለ። በጥምቀት ዕለት በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ከሕዝቡ ጋር እስክስታ ሲመታ እኛ ዳር ቆመን እናየው ነበር። ታቦቱ ሲመለስ ጎንደር በእልልታ ስትናወጥ፣ የምናውቀውን እያወቅን እንዴት እናጨብጭብ? ግን አጨበጨብን። ከቃና ዘገሊላ ማግስት ጥር 13 ቀን ሌሊት 11 ሰዓት አውቶቡስ ተራ ነበርን።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቅጥቅጡ ገና ከከተማ እንደወጣ ወለቃን ያልፋል። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ነዋሪዎቿ ከሌላው ቤተ እስራኤላዊ ጋር ወደ እስራኤል ከሄዱ ወዲህ ወለቃ የሸክላ ሥራና የድሮ ስም የቀራት መንደር ናት። ኮሶዬ ላይ መሬቱ በግራ በኩል ድንገት ይቆረጥና ቆላው በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። ከዚያ አምባ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ ዳባት። ዳባት ላይ ቁርስ ለመብላት ስንወርድ ማዶ አልበላም። «ለእናቴ ምን ልግዛላት?» ብሎ ብርቱካን ገዛ። እኛም ብርቱካኑን ተካፍለን ተሸከምንለት።

ደባርቅ ቱሪስት ትኬቱን ቆርጦ፣ ስካውትና በቅሎ ይዞ ወደ ተራሮቹ የሚገባባት ከተማ ናት። ዋናው መንገድ ከእሷ ወዲያ ጣልያን የቆፈረውን የልማልሞን ጠመዝማዛ ይዞ ወደ ዛሪማ ቁልቁል ይወርዳል። እኛ በስተቀኝ ታጠፍን። ወደ መካነ ብርሃን የሚሄድ አይሱዙ ስኳር፣ ዘይትና ቆርቆሮ ጭኖ ቆሞ አገኘን። ልጅቷን ከአንዲት አራስ ጋር ጋቢና አስገባናትና እኛ ከዕቃው ላይ ወጣን። ከእኛ ጋር ከ20 የማያንስ ሰው፣ ሁለት ፍየልና የአንድ ሙሽራ ሳጥን አብሮ ተሳፍሯል።

አይሱዙ ላይ ሆኖ የሰሜን ተራሮችን ማየት ማንም መጽሐፍ ያልጻፈው ዓይነት ጉብኝት ነው። ይህ ምድር እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ነው የወጣው፤ ይህም በእነሱ አቆጣጠር ነው። መዝገቡ ያለው ፓሪስ ነው፤ አቧራው ግን የእኛ ነው። ከሳንቃ በር ወዲያ ጭላዳዎቹ በመቶ እየሆኑ ሣር ሲነጩ መኪናችንን ቀና ብለው እንኳ አላዩም። በመንገዱ ዳር ከሥሩ የጠቆረ አስታ አየን፤ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የተቃጠለው ነው ተባልን። ያን ጊዜ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጥተው ነበር። ከጎናችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን «እኛ በቅጠልና በአፈር ነው የታገልነው፤ ሄሊኮፕተሩ እስኪመጣ እሳቱ ይጠብቃል?» አሉን።

እኚሁ ሽማግሌ ዘመዶቻቸው የግጭ ሰዎች ናቸው። ግጭ በፓርኩ እምብርት የነበረ መንደር ነው። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራ ከዚያ ተነሥቶ ደባርቅ ሰፍሯል። ዋልያና ቀይ ቀበሮ እንዲተርፍ ግጦሹ ማረፍ ነበረበት። በበጎ አድራጎት ክበብ ስብሰባ ላይ ቢሆን እጃችንን አውጥተን የምንደግፈው ነገር ነው። ሽማግሌው አልተቃወሙትም። «ዋልያው ይኑር» አሉ፤ «ነገር ግን ገብስ ሲዘራ የኖረ ሰው ከተማ ገብቶ ምን ይዘራል?» ለዚህ መልስ ያለው ከመኪናው ላይ አልነበረም። ጨነቅ ስንደርስ ከገደሉ አፋፍ ሦስት ዋልያ ቆመው አየን። በዓለም ላይ ከእነዚህ ተራሮች በስተቀር የትም የሌለ እንስሳ ነው። በኳስ ተጫዋቾቻችን ማልያና በቢራ ጠርሙስ ላይ እየተባዛ፣ በገደሉ ላይ ግን ቁጥሩ ከሺህ የማይሞላ።

ከጨነቅ በኋላ መንገዱ ወደ ቧሂት ይወጣል። አይሱዙው እያቃሰተ፣ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ እየሮጠ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ የሆነው ማለፊያ ላይ ደረስን። ሹፌሩ ሞተሩ እንዲቀዘቅዝ አቆመና ሁላችንም ወረድን። ብርዱ አጥንት ይገባል። የታሪክ ተማሪው ዝምታው ከብዶት ነው መሰለን ስለ በረዶ ማውራት ጀመረ። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አዱሊስ ላይ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ አለ። አንድ የአክሱም ንጉሥ እስከ ሰሜን ተራሮች ዘምቶ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳገኘ ያወራል። ከ1,000 ዓመት በላይ ቆይቶ ጄምስ ብሩስ መጣና በዚያ በረዶ አላየሁም ብሎ ጻፈ። ሄንሪ ሶልት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1810 በዓይኑ አይቶ መዘገበ፤ ብሩስ ያላየው ከግርጌው ስላልወጣ ነው ሲል። «አያችሁ» አለ የታሪክ ተማሪው፣ «እግሩ ያልደረሰበትን ሰው…»

ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ማዶ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። በእጁ ወደ ምሥራቅ አመለከተ። «ያ ነው ደጀን» አለ። ከቧሂት ሲታይ ራስ ደጀን ያን ያህል አያስፈራም፤ ረጅም ሸንተረር ነው፣ ከላዩ የድንጋይ ዘውድ የደፋ። በእኛና በእሱ መካከል የመሸሃ ገደል ከእግራችን ሥር ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። «ቤታችን ከዚያች ከጠቆረችው ጥግ ሥር ናት። እዚህ ቆሜ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፤ ደባርቅ ለትምህርት ስሄድ እዚህ ላይ ነበር ዞሬ የማያት።» ከዚያ ወደ እኛ ሳይዞር «ለማን ነው የተደወለው?» አለ።

ማንም አልመለሰም።

«እናቴ ብትታመም ኖሮ አምስት ሆነን አንመጣም ነበር» አለ። ነፋሱ ጋቢውን ይመታዋል። ልጅቷ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ተራመደች። እሱም እጁን አነሣና «እስከ ቤት እንዳትነግሩኝ» አለ። «አያ ይንገረኝ።» ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ ወደ መኪናው ተመለስን። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ስንከራከርበት የነበረው ነገር ባለቤቱ እጅ ገብቶ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተፈረደ። ያውቃል፤ ግን መስማት የሚፈልገው ከሚሰማበት ሰው፣ በሚሰማበት ቦታ ነው። ማወቅና መረዳት ሁለት ነገር መሆናቸውን ቋንቋችን ድሮ ለይቶታል፤ «ተረዳ» የሚለው ቃል ነገሩ ገባው ለማለትም፣ መርዶ ተነገረው ለማለትም አንድ ሆኖ የቀረው ያለ ምክንያት አይመስለንም።

ከቧሂት ማዶ ወርደን ከአይሱዙው ተለያየን። ሹፌሩ የጉዟችንን ምክንያት ከጋቢና ሰምቶ ኖሮ ከአራታችን ሒሳብ አልቀበልም አለ። ከዚያ በእግር ነው። ቁልቁለቱ ጉልበት ይሰብራል። መሸሃ ስንደርስ ወንዙ ለበጋ ሰክኖ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን ተሻገርነው። አጎቱ በማዶው ዳር በቅሎ ይዘው ቆመው ነበር። ማዶን ጉንጩን ሳሙት፤ አንዴ ሳይሆን ደጋግመው። «እናትህ ደኅና ናት፤ ዛሬ ከእኔ ቤት ታድራለህ» አሉት። «እሺ አያ» አለ፤ ሌላ ነገር አልጠየቀም። በቅሎዋን ለልጅቷ ሰጥተው እኛ ከኋላ ከኋላ እያለከለክን አምቢቋ አጠገብ ካለችው መንደር የደረስነው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው።

ሌሊቱን ማዶ ተኝቶ ይሁን ነቅቶ አናውቅም። እኛ አልተኛንም። ከየአቅጣጫው ሰው ሲገባ፣ በለሆሳስ ሲነጋገር፣ ውጭ ውሻ ሲጮኽ እንሰማለን። ጎህ ሲቀድ አጎቱ በሩን ከፈቱ። የሆነውን አንተርክም። በመጀመሪያው ጩኸት ላይ ከግራ ከቀኙ አራት ክንዶች ነበሩ፤ ከእነሱ ሁለቱ የእኛ ናቸው። አልወደቀም።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። አስከሬን የሌለበት ለቅሶ ነው። የአባቱን በርኖስ፣ ዱላና ኮፍያ ከመሐል አድርገው ሴቶቹ በየተራ ሙሾ አወረዱ። ሥነ ጽሑፍ የምናጠና ሁለታችን ደብተር ይዘን አልነበረም፤ ብንይዝም አንጽፈውም ነበር። ያለ አንድ የተጻፈ ፊደል፣ የአንድን ገበሬ ሙሉ ዕድሜ፣ በሬዎቹን በስማቸው፣ ያጨደውን ማሳ በጥጉ፣ ጠላቱን በምሕረቱ እየጠቀሱ ሲያነሡት ዋሉ። እኛ ውኃ ቀዳን፣ እንጨት ተሸከምን፣ ልጅቷ ከሴቶቹ ጋር የገብስ እንጀራ አቀረበች። በሁለተኛው ቀን እናቱ ጠርተው አስቀመጡን። «እናንተ ናችሁ ያመጣችሁልኝ?» አሉ። «አዎ፣ እናታችን» አልን። «መንገድ ላይ ብርቱካኑን ማን ተሸከመ?» አሉ። «ሁላችንም» አልን። ብርቱካኑን አንድ በአንድ ለለቅሶኛው ልጆች አከፋፈሉት።

በአራተኛው ቀን ወደ ራስ ደጀን የወጣነው እናቱ አዘው ነው። «የመጣችሁበትን ሳታዩ አትመለሱም። ልጄም ይሂድ፤ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ደረቱን ከሚመታ እግሩን ያድክም» አሉ። የገረመን ማዶም ከዚያ በፊት ጫፉ ላይ ወጥቶ አለማወቁ ነው። ከተራራው ሥር ተወልዶ! «ከዚያ ላይ ምን ሥራ አለኝ?» አለን። ነገሩ እውነት ነው። ለሚኖርበት ሰው ተራራ የእርሻው ጣሪያ፣ የብርዱ መነሻ፣ የውኃው ምንጭ ነው፤ ጫፉን የሚፈልገው ከሩቅ የመጣ ሰው ነው። ወጣን ብለው መጀመሪያ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1841 ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ናቸው። ከእነሱ በፊት የወጣው እረኛ አልጻፈም።

ሌሊት 9 ሰዓት አጎቱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ተነሣን። ምድሩ በአመዳይ ነጥቷል፤ እግራችን ሥር እንደ መስተዋት ይሰበራል። የገብስ ማሳው እስከሚደንቅ ከፍታ ድረስ አብሮን ወጣ፤ ከዚያ ቀረና ጓሳው፣ ከጓሳው መካከል ጅብራው ጀመረ። ጅብራ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ይቆማል፤ አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ አበባውን አውጥቶ ያብብና ይሞታል። አጎቱ እያንዳንዱን የደረቀ ግንድ በዱላቸው ነካ እያደረጉ ያልፉ ነበር። ከ4,000 ሜትር በኋላ ራሳችንን ይወቅረን ጀመር። ልጅቷ ሁለት ጊዜ አስታወከች፤ ነጭ ሽንኩርት አኝኪ አሏት፤ እያለቀሰች አኘከች። «እንመለስ» ስንላት «ከዚህ በኋላ?» ብላ ቀደመችን።

ከላይ ሲደርሱ የደጀን ጫፍ አንድ አይደለም። ሦስት የድንጋይ ራሶች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ የትኛውም ላይ ቢወጡ ሌላው የሚበልጥ ይመስላል። አጎቱ ሳያመነቱ ወደ አንደኛው መሩን። የመጨረሻዋን ጥቂት ሜትር በእጃችንም በእግራችንም ተንጠላጥለን ወጣን። ከላይ ሰው የከመረው ድንጋይ አለ። ፀሐይ ወጥታ ነበር። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው ይህ ሁሉ፣ ውኃና ውርጭ ሲቆርጠው ኖሮ። ከወዲያ ቧሂት፤ በደቡብ በኩል ደጃች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን ካሣ ድል አድርገው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡባት የደረስጌ ምድር፤ በምሥራቅ የተከዜ ቆላ ጭጋግ። የታሪክ ተማሪው ይህን ሁሉ ሊቆጥርልን ጀምሮ ተወው።

አጎቱ ወደ ሰሜን እያዩ «ወንድሜ ልጅ ሆኖ በግ ጠፍቶበት እዚህ ድረስ ወጥቶ ያውቃል» አሉ። «በጓን አላገኛትም። አባታችን ሲቆጣው፣ ባላገኛትም አገር አየሁ አለው።» ማዶ ሳቀ። ከቧሂት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ድንጋይ አንሥቶ ከክምሩ ላይ አስቀመጠና ብዙ ቆመ። እኛም ፎቶ አላነሣንም።

እንግዲህ ጉዞው ይህ ነው። ማዶ ከእኛ ጋር ወደ ግቢ ተመልሶ የዚያን ዓመት ፈተና ተፈተነ፤ ከእኛ የተሻለም አመጣ። ለክረምት ሀገሩ ገባ። በዚያው ክረምት፣ በ2015 ዓ.ም.፣ በክልላችን እንደገና ተኩስ ተከፈተ። እኛ ወደ ግቢ የተመለስነው ከወራት በኋላ ነው። ማዶ አልተመለሰም። ስልኩም አይሠራም። አበው ተራራና ተራራ አይገናኝም፣ ሰውና ሰው ይገናኛል ይላሉ። ቧሂትና ደጀን ባይገናኙም ፊት ለፊት እየተያዩ ስንት ዘመን አሳልፈዋል፤ የእኛ የሰዎቹ ነገር ነው ከዚያ ያነሰው።

ጓደኞቻችን፣ ዘንድሮ የምረቃ መጽሔት ሲታተም የእሱ ፎቶ አይኖርበትም። በመዝገብ ላይ «ያቋረጠ» ተብሎ ነው ያለው። ምን አቋርጦ፣ ምን ይዞ እንደቀረ መዝገቡ አይጽፍም። እናቱን፣ ሦስት ታናናሾቹንና አንድ ጥማድ በሬ ይዞ ነው የቀረው። ይህን የምናውቀው መንገዱ በተከፈተ ሰሞን በአንድ ሹፌር እጅ ከላካት ብጣሽ ወረቀት ነው። ስለ ራሱ ሁለት መስመር ብቻ ጽፎ፣ የቀረውን ሁሉ ስለ ታናሽ እህቱ ነው የሞላው፤ አሥረኛ ክፍል ደርሳለች፣ መጽሐፍ የለም፣ ካላችሁ ላኩልኝ ይላል። የሒሳብ፣ የፊዚክስና የአማርኛ አገኘን። የጂኦግራፊውን የሥነ ልቦና ተማሪዋ ከአሮጌ መጻሕፍት ተራ ገዛችው። አራቱንም በጨርቅ ጠቅልለን፣ ከላዩ ስሙን ጽፈን፣ ለዚያው ሹፌር ሰጥተነዋል። መድረሳቸውን ገና አልሰማንም።